የጭነት ጀልባ ሥራና የባሮ ወንዝ የቡና መንገድ

ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የሚሆን የንግድ ትምህርት

በጅማ ከተማ በአወቱ መንደራ ሰፈር የሚኖር ነጋዴ ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሱቁ ሲሄድ የአወቱን ወንዝ ሳያይ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ወንዙ ከተማውን አቋርጦ ያልፋል፤ ነገር ግን የጭነት ጀልባ የሚሄድበት ወንዝ አይደለም። የነጋዴው ዕቃ የሚመጣውም ሆነ ቡናው የሚሄደው በመኪና ነው። ታዲያ የውሃ ማጓጓዣን ሥራ ማወቅ ለጅማ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ቡና ከመንገዱ የሚበልጠውን ክፍል የሚጓዘው በውሃ ላይ ነው፤ ነጋዴው በዓይኑ ባያየውም ሒሳቡን የሚከፍለው እርሱ ነው። ሁለተኛውም፣ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በባሮ ወንዝ ላይ በጭነት ጀልባ ይወጣ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ከዚያም ዘመን ስለ ማጓጓዣ፣ ስለ ወቅትና ስለ ገንዘብ ወለድ ዛሬም የሚያገለግል ትምህርት ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የጭነት ጀልባ ምንድር ነው?

የጭነት ጀልባ፣ በብዙ ወደቦች ባርጅ እየተባለ የሚጠራው፣ ታችው ጠፍጣፋ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ለፍጥነት ሳይሆን ለመሸከም የተሠራ ጀልባ ነው። ብዙ ጊዜ የራሱ ሞተር የለውም፤ በፈረስ፣ በእንፋሎት መርከብ ወይም በሞተር ጀልባ ይጎተታል፤ አለዚያም ከኋላው ይገፋል። ታችው ጠፍጣፋ የሆነበት ምክንያት ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ እንዲሄድ ነው።

የጀልባው ጥቅም የሚመነጨው ከአንድ ቀላል ነገር ነው። በየብስ ላይ ሸክሙን የሚሸከመው እንስሳው ወይም ጎማው ሲሆን በውሃ ላይ ግን ሸክሙን የሚሸከመው ውሃው ራሱ ነው፤ ለሰው የሚቀረው ሥራ ወደፊት መግፋት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ፈረስ በመንገድ ላይ በጋሪ ሊጎትት ከሚችለው ብዙ እጥፍ የሆነውን ጭነት በጸጥተኛ ቦይ ላይ ይጎትታል።

ይህንን በጅማ ሚዛን ብንመለከተው የበለጠ ይገባል። በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ጠንካራ በቅሎ 5 ፈረሱላ፣ ማለት 85 ኪሎ ጫነ እንበል። በፈረንሳይ አገር ቦይ ላይ የሚሄድ አንድ መካከለኛ የጭነት ጀልባ 300 ቶን ይጭናል። ይህን ጭነት በበቅሎ ለማንሣት ከ3,500 የሚበልጡ በቅሎዎች ያስፈልጋሉ። 10 ቶን በሚጭን የጭነት መኪና ቢሆን 30 መኪና ይፈልጋል። በ60 ኪሎ ከረጢት ሲቈጠርም 5,000 ከረጢት ቡና ነው።

ይሁን እንጂ ጀልባ ሦስት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ ቀርፋፋ ነው። ሁለተኛ ውሃ ወዳለበት እንጂ ነጋዴው ወደሚፈልግበት አይሄድም። ሦስተኛ ዕቃው ከየብስ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ የብስ ሲገላበጥ በያንዳንዱ መገላበጥ ላይ ወጪና ጉዳት ይጨመራል። ነጋዴ የጀልባን ርካሽነት ብቻ አይቶ እነዚህን ሦስቱን ሳይቈጥር ከቀረ ሒሳቡ ያታልለዋል።

በፈረንሳይ አገር ያለው የቦይ ጀልባ

የጭነት ጀልባን ሥራ በተሟላ ሁኔታ ለመመልከት የፈረንሳይ አገር ቦዮች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በደቡብ ፈረንሳይ ያለው የሚዲ ቦይ በ1681 ተከፍቶአል። ከዚያም በኋላ በየክፍለ አገሩ ብዙ ቦዮች ተቈፈሩ፤ ነገር ግን መጠናቸው የተለያየ ስለሆነ በአንዱ ቦይ የሚሄድ ጀልባ በሌላው ማለፍ አይችልም ነበር። ዕቃው በየመካከሉ ይገላበጥ ነበር፤ መገላበጡም የጀልባውን ትርፍ ይበላው ነበር።

ይህን ለማስወገድ የሥራ ሚኒስትር የነበሩት ሻርል ደ ፍሬሲኔ በ1879 አንድ ሕግ አወጡ። በዚህም ሕግ የዋና ዋናዎቹ ቦዮች የመዝጊያ ክፍሎች ርዝመታቸው 38 ሜትር ተኩል፣ ስፋታቸው 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። የመዝጊያ ክፍል፣ ፈረንሳዮች ኤክሉዝ የሚሉት፣ በፊትና በኋላ በር ያለው የውሃ ክፍል ነው፤ ጀልባው ይገባበታል፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ውሃ ይሞላበታል ወይም ይጎድልበታል፤ በዚህም ጀልባው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው ይወጣል ወይም ይወርዳል። ከሕጉ በኋላ የጀልባ ሠሪዎች ሁሉ በዚሁ ልክ መሥራት ጀመሩ። ፔኒሽ የተባለው ጀልባ ርዝመቱ 38 ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ 5 ሜትር ያህል ሆኖ እንደ ውሃው ጥልቀት ከ250 እስከ 350 ቶን ይጭናል።

ለነጋዴ የዚህ ሕግ ትርጓሜ ትልቅ ነው። አንድ ልክ በተወሰነ ጊዜ ዕቃው ከተጫነበት ሳይነሣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጕዞ ገዢው ደጅ ሊደርስ ቻለ። ዛሬ የቡና ከረጢት 60 ኪሎ እንዲሆን፣ ኮንቴይነርም በዓለም ሁሉ አንድ ልክ እንዲኖረው የተደረገው በዚሁ አሳብ ነው።

የባለ ጀልባው ኑሮ ግን ቀላል አልነበረም። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ከጀልባው ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ይኖሩ ነበር፤ ከክፍሏ ፊት ያለው ቦታ ሁሉ የጭነት ነው። አንዱ መሪውን ሲይዝ ሌላው ገመድ ይጥላል፣ በሩን ያስከፍታል። በመጀመሪያ ዘመን ጀልባውን የሚጎትቱት በዳር መንገድ ላይ የሚሄዱ ፈረሶች ነበሩ፤ ፈረስ መግዛት ያልቻለ ድኃ ገመዱን በራሱ ትከሻ ይጎትት ነበር። በኋላ በሰሜንና በምሥራቅ ፈረንሳይ በቦዩ ዳር የሚሄዱ የኤሌክትሪክ መጎተቻዎች መጡ፤ ከዚያም ጀልባዎቹ ራሳቸው ሞተር አገኙ። ልጆቹ ለትምህርት በደረሱ ጊዜ ለባለ ጀልባዎች ልጆች በተቋቋሙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይቀመጡ ነበር።

ባለ ጀልባው ገቢ የሚያገኘው ሲሄድ ብቻ ነው። ድንጋይ ከሰል፣ ስንዴ፣ አሸዋ ወይም ጠጠር አራግፎ ባዶውን ሲቀር ወደ ጭነት ማከፋፈያው ቢሮ ሄዶ ስሙን ያስመዘግባል፤ ተራው እስኪደርስም ይጠብቃል። ይህ የተራ ሥርዐት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቆይቶአል። በክረምት ብርድ ውሃው ሲረጋ፣ በበጋም ቦዩ ለጥገና ሲዘጋ ጀልባው ይቆማል፤ ቤተሰቡ ግን መብላቱን አይተውም። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ለመጫኛና ለማራገፊያ የተፈቀደው ቀን ይወሰናል፤ ነጋዴው ከዚያ በላይ ጀልባውን ካቆየ የመቆያ ክፍያ ይከፍላል። ዛሬ የኢትዮጵያ አስመጪ በወደብ ዲሜሬጅ እያለ የሚከፍለው ገንዘብ ሥሩ ይህ ነው፤ የማጓጓዣ ዕቃ ቆሞ ሲውል አንድ ሰው ይከስራል፣ ውሉም የሚከስረው ማን እንደሆነ ይወስናል።

የቡና አገር ውሃዎች ወዴት ይሄዳሉ?

ከፈረንሳይ ወደ አገር ቤት እንመለስ። በጅማና በዙሪያዋ በሚገኙት የቡና አገሮች የሚዘንበው ዝናም በሦስት አቅጣጫ ይከፈላል። የአወቱ ውሃ ወደ ጊልጌል ጊቤ ይገባል፤ ጊልጌል ጊቤም ወደ ጊቤ፣ ጊቤም ኦሞ ሆኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ኦሞ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚወርድ፣ ሐይቁም ወደ ባሕር መውጫ ስለሌለው በዚህ በኩል ለንግድ የሚሆን የውሃ መንገድ የለም። ከአጋሮ ወዲያ ያሉት ውሃዎች ብዙዎቹ ወደ ዴዴሳ ይገባሉ፤ ዴዴሳ የዐባይ ገባር ነው፤ የዐባይም ሸለቆ ለጀልባ የሚመች አይደለም። ሦስተኛው ግን ከመቱና ከጎሬ አካባቢ የሚነሡት እነ ሶርና ገባ ናቸው። ገባና ብርብር ሲገናኙ ባሮ ይባላሉ።

ባሮ ከደጋው ወደ ጋምቤላ ቆላ ከወረደ በኋላ ረጋ ብሎ በሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም በማላካል አጠገብ ከነጭ ዐባይ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ ካርቱም ይደረሳል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ወንዞች ሁሉ የእንፋሎት መርከብ ለንግድ ሥራ በየዓመቱ ሲመላለስበት የነበረው ባሮ ነው።

የጋምቤላ ውል

በሜይ 15 ቀን 1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል አራተኛ አንቀጽ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቀዱ። ውሉ የሚጸናውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንደሆነ ተጽፎአል። ጣቢያው በኋላ በጋምቤላ ጸና።

ከካርቱም በስተ ሰሜን ያለው ሁኔታም ለዚህ ንግድ ረዳው። ከአትባራ እስከ ቀይ ባሕር ያለው የባቡር ሐዲድ በ1906 ተከፈተ፤ ፖርት ሱዳን የሚባለውም አዲስ ወደብ በ1909 ተመረቀ። እንግዲህ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ጋምቤላ ይደርሳል፤ ከጋምቤላ በጀልባ ካርቱም፤ ከካርቱም በባቡር ፖርት ሱዳን፤ ከፖርት ሱዳን በመርከብ ወደ ገዢው አገር ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከዚያ ወዲህ በጅማና በኢሉባቦር መካከል ያለ ነጋዴ ሁለት በር ነበረው፤ ወደ ምሥራቅ በአዲስ አበባና በጅቡቲ፣ ወደ ምዕራብ በጎሬና በጋምቤላ። የሂርማታ ገበያ ለምሥራቁ መንገድ ይቀርባል፤ የጎሬና የሳዮ ገበያዎች ለምዕራቡ ይቀርባሉ። በመካከል ያለው ቡና ግን የማጓጓዣው ሒሳብ ወደ መራው ይሄድ ነበር።

በባሮ መንገድ ከሚወጡት ዕቃዎች ዋናው ቡና ሲሆን ሰምና ቆዳም ነበሩ፤ ወደ ውስጥ ከሚገቡት ዋናዎቹ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ናቸው። በጋምቤላና በጎሬ ከኢትዮጵያውያን ጋር የግሪክና የሶርያ ተወላጆች የሆኑ ነጋዴዎች ይሠሩ ነበር።

የጀልባው ዓመት

የባሮ ጀልባ ሥራ ከፈረንሳዩ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የፈረንሳይ ቦይ የሰው ሥራ ስለሆነ ውሃው በበር ይጠበቃል፤ የባሮ ውሃ ግን የሚጠበቀው ከሰማይ ነው። ክረምት ሲገባ በደጋው የዘነበው ዝናም ወንዙን ይሞላዋል፤ መርከቦቹም በሰኔ ገደማ መምጣት ይጀምራሉ። ሙላቱ ጥቅምት ገደማ ሲቀንስ መርከብ መመላለሱ ያበቃል። በበጋ ወንዙ የአሸዋ ክምር እየታየበት ለትልቅ ጀልባ አይመችም።

ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች መንኰራኵራቸው ከኋላ የሆነ፣ ጥልቀት የማይፈልጉ ነበሩ። የጭነት ጀልባዎቹን በፊትና በጎን በገመድና በሰንሰለት አስረው በአንድነት ይሄዳሉ። ለእሳቱ የሚሆነው እንጨት በወንዙ ዳር በተወሰኑ ጣቢያዎች ተቈርጦ ይጠብቃቸው ነበር። ጥልቀቱ በሚያጠራጥር ስፍራ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ ውሃውን እየለካ ይናገራል፤ መሪውም እንደ ቃሉ ያዞራል።

ትልቁ ሥጋት ውሃው በድንገት መጕደሉ ነው። በጥቅምት «አንድ ጭነት ልጨምር» ብሎ የዘገየ ጀልባ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ የሚያነሣው የሚቀጥለው ክረምት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የተጫነው ዕቃ ለብዙ ወር ባለበት ይቀራል፤ ወይም በከፍተኛ ወጪ በሌላ መንገድ ይነሣል። ስለዚህ የመጨረሻው ጀልባ የሚነሣበት ቀን ከዋጋ ይልቅ ያስጨንቅ ነበር።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ወንዙን የሚከፍተው ዝናም የበቅሎውን መንገድ ይዘጋዋል። ክረምት ሲገባ ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ወንዞቹ ይሞላሉ። በበጋ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ጀልባ የለም። በክረምት ጀልባ አለ፤ ነገር ግን መንገድ የለም። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወደ ወንዙ ዳር ወርዶ በመጋዘን ተቀምጦ ክረምቱን መጠበቅ ግድ ነበር።

ከጎሬ እስከ ወንዙ ዳር

የምዕራቡ ቡና የሚለቀመው በጥቅምትና በጥር መካከል ነው። እሸቱ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፤ ተፈልፍሎም ለጕዞ ይዘጋጃል። ጎሬ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ጋምቤላ 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነጋዴው ቡናውን በዚህ ቁልቁለት ሲያወርድ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል። አንደኛው በቆላው ያለው የገንዲ በሽታ ነው፤ በቅሎና ፈረስ ይገድላል። በቅሎ የሞተበት ነጋዴ የማጓጓዣውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውን መሣሪያ ጭምር ያጣል። ስለዚህ ከደጋው ጫፍ ወዲያ ያለው ሸክም በብዙው በሰው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው የአየሩ ለውጥ ነው። በደጋ የደረቀ ቡና በሞቃት ቆላ መጋዘን ለወራት ሲቀመጥ በመጀመሪያ እርጥበቱን ይለቃል፤ ሚዛኑም ይቀንሳል። ዝናሙ ሲመጣ ደግሞ እርጥበት መልሶ ይስባል፤ ከወለል ጋር የተነካካው ከረጢት ይሻግታል። የሻገተ ቡና በካርቱም ወይም በፖርት ሱዳን ሲፈተሽ ጕዳቱ የጀልባው ነው፣ የመጋዘኑ ነው ወይስ የሻጩ ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ይህንን ክርክር የሚፈታው የጽሑፍ ማስረጃ ብቻ ነው። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ክብደቱ፣ የከረጢቱ ብዛትና የታየው ጕዳት በደረሰኝ ካልተጻፈ የመጨረሻው ባለ ዕቃ የሁሉን ስሕተት ይከፍላል። የመርከብ ጭነት ማስረጃ የሆነው ቢል ኦፍ ሌዲንግ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ዕቃውን የተረከበው በምን ሁኔታ እንደ ተረከበ ይናገራል።

ሒሳቡ

ርካሽ ማጓጓዣ ሁልጊዜ ርካሽ ንግድ እንዳልሆነ ለማስረዳት የሚከተለውን ምሳሌ መመልከት ይበቃል። ቁጥሮቹ ለትምህርት ብቻ የታሰቡ ናቸው።

አንድ ነጋዴ በጥር መጨረሻ 100,000 ብር የሚያወጣ ቡና በብድር ገዛ እንበል። ወለዱ በዓመት 12 በመቶ፣ በወር 1 በመቶ ነው። ቡናውን ወደ ወንዙ አውርዶ፣ ጀልባ ጠብቆ፣ ገንዘቡን የሚያገኘው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ስድስት ወር ሆነ፤ ወለዱ 6,000 ብር ነው። የበቅሎ፣ የተሸካሚና የጀልባ ዋጋ 4,000 ብር። በክብደት መቀነስ 1,000 ብር። ለመጋዘን፣ ለጠባቂና ለመድን 1,500 ብር። ድምሩ 12,500 ብር ይሆናል።

ሌላው ነጋዴ ያንኑ ቡና በየብስ ላከ። የማጓጓዣ ዋጋው እጥፍ ነው፤ 8,000 ብር። ነገር ግን ገንዘቡን በአንድ ወር አገኘ፤ ወለዱ 1,000 ብር ነው። ለሌላው ወጪ 500 ብር። ድምሩ 9,500 ብር ነው። ማጓጓዣውን በግማሽ ዋጋ ያገኘው ነጋዴ 3,000 ብር አብልጦ አወጣ።

ሦስተኛው ነጋዴ በግንቦት መጀመሪያ፣ መንገዱ ሳይዘጋ ገዝቶ በፍጥነት ወደ ወንዙ አወረደ። በሐምሌ መጨረሻ ገንዘቡን ሲያገኝ ሦስት ወር ብቻ ሆነው፤ ወለዱ 3,000 ብር፣ የማጓጓዣው ዋጋ 4,000 ብር፣ የክብደት መቀነሱ 500 ብር፣ የመጋዘኑና የመድኑ 700 ብር ነው። ድምሩ 8,200 ብር። ከሦስቱም ያነሰ ይህ ነው። መንገዱም ጀልባውም ከመጀመሪያው ነጋዴ ጋር አንድ ነው፤ የተለወጠው ገንዘቡ ታስሮ የቆየበት ጊዜ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ግን በዚህ አያልቅም። በአዝመራ ጊዜ ቡና ይረክሳል፤ በግንቦት ሊወደድ ይችላል። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ነጋዴ ወጪ መካከል ያለው ልዩነት 4,300 ብር ነው። እንግዲህ የጥሩ ዋጋ ከግንቦቱ ዋጋ በ100,000 ብር ላይ ከ4,300 ብር በላይ የሚያንስ ከሆነ ቀድሞ መግዛት ይጠቅማል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ መጠበቅ ይሻላል። «ቡና ረክሶአልና ልግዛ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «ረክሶ የሚያቆየኝን ወጪ ይሸፍናልን?» ማለት ያስፈልጋል።

ይህ ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው በገበሬው ላይ እንደሆነ መዘንጋት አይገባም። የውጭ አገር ገዢ የሚከፍለው በዓለም ገበያ ዋጋ ነው፤ ላኪው ከዚያ ላይ ማጓጓዣውን፣ ወለዱንና ትርፉን ቀንሶ የቀረውን ለአቅራቢው ይሰጣል፤ አቅራቢውም እንዲሁ ቀንሶ ለባለ ቡናው ይሰጣል። ከመንገድ ላይ የጠፋው እያንዳንዱ ብር ከቡናው ዛፍ ሥር ይጐድላል።

ጀልባው ስለምን ቆመ?

የባሮ ጀልባ የቆመው በአንድ ቀን በሆነ ምክንያት አይደለም። በ1936 ኢጣልያኖች ምዕራቡን አገር ያዙ፤ በ1941 ማርች የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ጋምቤላን ከኢጣልያኖች አስለቀቀ፤ በጁላይም ሳዮ ተያዘች። ኢጣልያኖች በቆዩባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማና ወደ ለቀምት የሚወስዱትን የመኪና መንገዶች ሠሩ። በ1951 የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጐዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹን ማደስና ማስፋፋት ጀመረ። መኪና በክረምትም በበጋም መሄድ ሲችል ጀልባን ለወራት የሚጠብቅ ነጋዴ ቁጥሩ እየቀነሰ ሄደ።

ሱዳን በ1956 ጃንዋሪ 1 ቀን ነጻ መንግሥት ስትሆን የ1902 ውል የተመሠረተበት ሁኔታ አበቃ፤ ጋምቤላም በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ። በሱዳን ደቡብ ለረጅም ዘመን የቆየው ጦርነት የሶባትን መንገድ ለንግድ የማይታመን አደረገው። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ደግሞ ከጋምቤላ ተነሥቶ ካርቱም የሚደርስ ጀልባ የሁለት አገር ውሃ ማለፍ አለበት።

በፈረንሳይም የሆነው ይመሳሰላል። ባቡርና የጭነት መኪና ጭነቱን ወሰዱት፤ የድንጋይ ከሰል ጕድጓዶች ሲዘጉ የብዙ ጀልባዎች ሥራ ተዘጋ። ቢሆንም በሰፊዎቹ ወንዞች ላይ ሥራው አልጠፋም፤ ዛሬም በሴን ወንዝ ላይ ከለ አቭር ወደብ ወደ ፓሪስ ኮንቴይነር በጀልባ ይሄዳል። ልዩነቱ ግልጥ ነው፤ ውሃው ዓመቱን ሁሉ የሚታመንበትና ጭነቱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚገኝበት ስፍራ ጀልባ ይኖራል፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጐድል ይጠፋል።

ለነጋዴው የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ሁሉ የሚወጡት ፍሬ ነገሮች አምስት ናቸው።

1ኛ/ የማጓጓዣ ዋጋ ብቻውን አይታይ። የወለዱ፣ የመጋዘኑ፣ የክብደት መቀነሱና የመድኑ ወጪ ተደምሮ ይታይ። ጊዜ ደረሰኝ የማይሰጥ ወጪ ነው።

2ኛ/ የመንገዱ ወቅትና የዕቃው ወቅት ይመዛዘን። የባሮ ነጋዴ ችግር የወንዙ መራቅ ሳይሆን ቡናውና ውሃው በአንድ ወር አለመገናኘታቸው ነበር። ዛሬም ከአዝመራ በኋላ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ መኪና ሲፈልግ የመኪናው ዋጋ ይወደዳል፤ አስቀድሞ የተዋዋለ ይጠቀማል።

3ኛ/ የመመለሻ ጭነት ይፈለግ። ጨው ይዞ መጥቶ ቡና ይዞ የሚመለስ ጀልባ ወጪውን ለሁለት ይከፍላል። ከጅማ ቡና ጭኖ የወጣ መኪናም ሸቀጥ ይዞ ቢመለስ ለላኪውም ለባለ ሱቁም ዋጋው ይቀላል። ላኪና አስመጪ በአንድ ከተማ እየኖሩ በየግላቸው ባዶ መኪና ቢያስኬዱ ሁለቱም ይጐዳሉ፤ እነዚህን ማገናኘት ከንግድ ምክር ቤት ጥቅሞች አንዱ ነው።

4ኛ/ ዕቃ በተገላበጠ ቊጥር ማስረጃ ይያዝ። ክብደት፣ ብዛትና ጕዳት ሳይጻፍ ዕቃ አይረከብ፤ አያስረክብም። የቡና እርጥበት ከመጫኑ በፊት ይለካ።

5ኛ/ በአንድ በር ብቻ መተማመን አይገባም። ዛሬ የጅማ ቡና የሚወጣው በዋነኛነት በጅቡቲ በኩል ነው። አንድ መንገድ ሲዘጋ ምን ይደረጋል? ብሎ አስቀድሞ ያሰበ ነጋዴ፣ ውሉንም በዚሁ መሠረት የጻፈ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ አይደነግጥም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ/ አንድ ላኪ 200,000 ብር የሚያወጣ ቡና በወር 1 በመቶ ወለድ ገዝቶ ለአራት ወር ቢያቆይ ወለዱ ስንት ይሆናል? የቡናው ዋጋ በዚህ ጊዜ ውስጥ በ3 በመቶ ቢጨምር አተረፈ ወይስ ከሰረ?

ለ/ 51 ቶን ቡና ስንት ፈረሱላ ይሆናል? በ60 ኪሎ ከረጢት ሲቈጠርስ?

ሐ/ በምሳሌው ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ነጋዴ በብድር ሳይሆን በራሱ ገንዘብ ቢገዛ ኖሮ ወለዱን ከሒሳቡ መሠረዝ ይገባው ነበርን?

መልሱ እንደሚከተለው ነው። ሀ/ ወለዱ 8,000 ብር ነው፤ የዋጋው ጭማሪ 6,000 ብር ስለሆነ መጋዘኑ ሳይቈጠር እንኳ 2,000 ብር ከስሮአል። ለ/ 3,000 ፈረሱላ ወይም 850 ከረጢት ነው። ሐ/ አይገባውም፤ የራሱ ገንዘብ በሌላ ሥራ ላይ ቢውል የሚያስገኘውን ትርፍ ስላስቀረበት ወለዱ በሌላ ስም ተከፍሎአል።

በየሱቁ መዝገብ የሚይዝ ሰው ይህንን የመጨረሻውን መልስ በሚገባ ቢያስብበት መልካም ነው። በባሮ ዳር በመጋዘን ተከምሮ ክረምቱን ይጠብቅ የነበረው ቡናና በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓመት የሚያድረው ሸቀጥ በሒሳብ ፊት አንድ ናቸው። ሁለቱም ጀልባቸውን የሚጠብቁ ገንዘብ ናቸው።